ወደ ሀ ጻፊ

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ፍርድ ቤቱ ለምሳ ተዘግቶ፣ ባለጉዳዩ ጥላ ፍለጋ ወደየበረንዳው ተበትኖ፣ የልደታ መንገድ ለአንድ ሰዓት ያህል ጸጥ የሚልበት ሰዓት። እኔ በጋሽ ሰይድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከአሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጫለሁ፤ ልጃቸው ሙና ደብተሬን ይዛ ከአጠገቤ ቆማለች። ዓመተ ምሕረቱን ልጽፈው እችል ነበር፤ ግን ያ ዘመን በቁጥር አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ በዋጋና በሽታ ነው፤ ፍሎፒ ዲስክ አምስት ብር የነበረበት፣ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ ሃምሳ ሳንቲም የሚከፈልበት፣ ከማተሚያው የወጣ ወረቀት እንደ ትኩስ ዳቦ እጅ የሚያሞቅበት፣ ቤቱም ከጠዋት እስከ ማታ የተቃጠለ ቀለም የሚሸትበት ጊዜ።

ዕድሜዬ ገና ለትዝታ አልደረሰም፤ እኩዮቼ ይስቁብኛል። ግን ባለፈው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ተራ የምትጠራው ልጅ «አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ሀ መስኮት!» ስትል አንድ አዛውንት ተነሥተው ወደ ሦስተኛው መስኮት አመሩ። «አባባ፣ ሀ ነው ያልኩት» አለቻቸው። «እኔስ የት የቆምኩ መሰለሽ? ይኸው ሐ!» አሉና በከዘራቸው ከመስተዋቱ በላይ ያለውን ፊደል አሳዩአት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ተራዬ አልፎ፣ ባቡር ተሳፍሬ፣ ቤቴ እስክገባ ድረስ ከዚያ ሐሙስ አልወጣሁም። ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከማእድ ቤቱ መስኮት ወደ ታች ሳይ መኪና የሚቆምበት አስፋልትና ልብስ የሚሰጣበት ሽቦ ይታየኛል። የጋሽ ሰይድ ቤት እዚያ ላይ ነበር ብዬ አስባለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ምልክት አድርጌ የያዝኳት ዛፍም አብራ ሄደች።

ያኔ ልደታ ቆርቆሮ ነበረች። ዝናብ ሲመጣ ገና እኛ ጋ ሳይደርስ ከጣሪያ ጣሪያ እየተሻገረ ሲቀርብ ይሰማ ነበር፤ «መጣ፣ መጣ» እየተባለ ወረቀት ከበረንዳ ይሰበሰባል። በማርያም ቀን ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ይሞላዋል፤ ጧፍ ሻጮች እስከ እኛ ደጃፍ ይደርሳሉ። ጥጉ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ስለተሰነጠቀ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ እኛ ግን በዚያው ጉንፋን ወደድነው። ሴቶቹ እግሩ የሰፋ ጂንስ ከወፍራም ሶል ጫማ ጋር ያደርጋሉ። ሙና በጂንስ ጉርድ ላይ የሚያብለጨልጭ ሻሽ ታስራለች፤ እኔ ሰኞም ዓርብም የእኅቴን ግራጫ ጃኬት ነው የምለብሰው፤ እጅጌው ጣቶቼን ስለሚሸፍንልኝ እወደው ነበር።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ በእጅ ሲጽፉ ኖረው፣ ከዚያ ወደ ታይፕ፣ ከታይፕ ወደ ሁለት ኮምፒውተር ተሸጋግረዋል። ራሳቸው ግን ቁልፍ ነክተው አያውቁም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከበሩ እስከ ማተሚያው እየተመላለሱ በቃል ይናገራሉ፤ እኔና ሙና እንጽፋለን። ረቂቅ የሚባል ነገር የላቸውም። አንድ ቃል ሲጠፋባቸው ጣሪያውን ያያሉ፤ ቃሉም ከቆርቆሮው ላይ ይወርድላቸዋል። ተጽፎ ያለቀውን ደግሞ በዚያው ቀን አያትሙትም። «ጽሑፍ ማደር አለበት» ይላሉ፤ «የዛሬ ንዴትሽ እስኪወጣለት ድረስ።»

በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ የጻፉት የእማማ አስካለን መልስ ነበር። እማማ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው የሰፈራችን ሴት ናቸው፤ የባላቸው ዘመዶች ከቤቱ ይውጡልን ብለው ከሰዋቸዋል። መልሱ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መግባት አለበት፤ ካልገባ የመናገር ተራቸው ያልፋል። አሥራ አራት ገጽ ሆነ። የሠርጋቸው ቀን፣ ምሰሶውን ያቆመው ሰው ስም፣ ውኃ የገባበት ክረምት፣ ሁሉም ነበረበት። እሳቸው እያለቀሱ የነገሩት ጋሽ ሰይድ አፍ ውስጥ ገብቶ ደረቅና ቀጥ ያለ ሆኖ ይወጣል። ረቡዕ ማታ አለቀ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊታተም አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ አደረ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ነው ያጠናሁት። ሥራ እስካገኝ ብዬ ጋሽ ሰይድ ጋ ገባሁ፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል፤ ፍርድ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እንኳ በሩን ተሻግሬ አላውቅም፤ የጻፍኩትን የምታደርሰው ሙና ነበረች። ኮምፒውተሩን በየጠዋቱ ሳበራ፣ ጥቁሩ ስክሪን ከመጣ በኋላ ዊንዶውስ እስኪገባ አንድ ደቂቃ ያህል የምትሆን ጊዜ ነበረች። ሌላው ሰው በዚያች ደቂቃ ሻይ ያዝዛል። እኔ ግን ውስጡ ያ ሁሉ ነገር በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሣ፣ መጀመሪያ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ እያሰብኩ አፈጥበት ነበር። ሜክሲኮ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስለዚሁ የተጻፈ አርባ ገጽ አሳተምኩ። ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣውን፣ የቀሩት ፕሮግራሞች ሁሉ ጀርባው ላይ የሚቆሙበትን ፕሮግራም ከርነል ይሉታል፤ ራስህ ሥራው፣ ያኔ ማሽኑ ይገባሃል ይላል ወረቀቱ። ጋሽ ሰይድን በስንት ማመንታት አስፈቅጄ፣ በምሳ ሰዓት አሮጌው ላይ መሥራት ጀመርኩ።

«እና ይሄ ነገርሽ ምን ይሠራል?» አለችኝ ሙና አንድ ቀን።

«ይነቃል።»

«ከዛስ?»

«ከዛ... ነቅቻለሁ ይላል።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ወይኒዬ፣ ይሄንንማ ወንድሜም ያውቅበታል። ነቅቻለሁ ይልና ግልብጥ ብሎ ይተኛል።»

እውነቷን ነው፤ ሌላ ጥቅም አልነበረውም። ስክሪኑን ሰማያዊ ቀብቶ፣ መሐል ላይ በአማርኛ «ነቅቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ አምስቱን ፊደሎች እኔ ነኝ በሒሳብ ደብተር ላይ የሣልኳቸው፤ ወደ ጎን ስምንት ካሬ፣ ወደ ታች አሥራ ስድስት። ቻ በስምንት ካሬ አልገባ ብላ አንድ ሳምንት አስለፋችኝ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልጋዬ ላይ በሆዴ ተኝቼ ካሬ አጠቁር ነበር። እንደዚያ ያለ ጊዜ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። አሁን ባንክ ቤት ስንት ነገር የሚሠራ ፕሮግራም አስተዳድራለሁ፤ አንዱንም ግን እንደዚያ አላሰብኩለትም። ችግሩ፣ ከርነሉ ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልነቃም። ፍሎፒ ላይ ጽፌ አስነሣዋለሁ፤ ስክሪኑ ጠቁሮ አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ያው ነው።

የሥራዬን ቅደም ተከተል በደብተር እጽፍ ነበር። ማሽኑ ፍሎፒውን በእንግሊዝኛ ኤ፣ ዋናውን ዲስክ ሲ ይላቸዋል። እኔ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በፈተና ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ ያደግሁ ልጅ፣ ሳላስበው ወደ አማርኛ መለስኳቸው። ፍሎፒው ሀ፣ ዋናው ዲስክ ሐ። በወረቀት ላይ እንከን የለውም፤ አንደኛው ሀሌታው ሀ፣ ሁለተኛው ሐመሩ ሐ ነው፤ ዓይን ያለው ሰው አይሳሳትባቸውም። ጆሮ ግን አይለያቸውም።

በዚያ ሐሙስ ሁለት ነገር ላደርግ ነበር። መጀመሪያ፣ ትክክለኛ ዲስክ መጀመሪያው ላይ ምን እንደተጻፈበት ለማየት ዋናውን ዲስክ ማንበብ፤ ማንበብ አይጎዳም። ቀጥሎ ያረምኩትን ከርነል ፍሎፒ ላይ መጻፍ። ሁልጊዜ ብቻዬን ነበር የምሠራው፤ የዚያን ቀን ሙና ምሳዋን ቶሎ ጨርሳ «አምጪ፣ እኔ ላንብብልሽ» አለችና ደብተሩን ወሰደች።

«ከሐ አንብቢ» አለች እንደ ዜና አንባቢ ድምፅዋን አወፍራ። አነበብኩ። ስክሪኑ በቁጥር ተሞላ። የመጨረሻዎቹን አራት መስመሮች፣ ዲስኩ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚናገረውን ትንሽ ሠንጠረዥ፣ ቤት ሄጄ ላጠናው በእርሳስ ገለበጥኩት። የሱቁን ወረቀትና ቀለም ለራሴ ነገር አልነካም ነበር።

«ጨረስሽ? እሺ፣ ቀጥሎ። ወደ ሀ ጻፊ። ኧረ ቶሎ በይ፣ አባዬ መምጫው ደርሷል።»

ጻፍኩ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ጥቁር ሆነ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ከዚያ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ። መሐሉ ላይ አምስቱ ፊደሎቼ ተሰልፈው ቆመዋል። ነቅቻለሁ። ያንን ሰማያዊ እስከ ዛሬ አየዋለሁ፤ ከዝናብ በኋላ ያለውን የጥቅምት ሰማይ ይመስል ነበር። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ።

«ሙና! ተነሣ! ከፍሎፒው ተነሣ እኮ!»

«ከየትኛው ፍሎፒ?» አለችኝ። ዞር አልኩ። ፍሎፒው እጇ ላይ ነበር። የከርነሉን ስም ልትጽፍበት አውጥታው፣ ሙቀቱ ሲበዛባት ፊቷን እያራገበችበት ነው።

ከካሴት ቤቱ ያ ጉንፋናም ዘፋኝ ይሰማል። ሙና ደብተሩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። «ወደ ሀ ነው የሚለው» አለች ቀስ ብላ። «ሀሌታው ሀ።» እኔ የሰማሁት ሐመሩን ነበር። ከርነሉን የጻፍኩት አሁን ባነበብኩት ዋና ዲስክ ላይ ነበር።

«ዊንዶውሱስ?»

«የለም።»

«የእማማ አስካለስ?»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁ።

ጋሽ ሰይድ ከሶላትና ከምሳ ሲመለሱ ሰባት ተኩል ሆኖ ነበር። ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው «በሉ እንግዲህ፣ ያደረውን አውጡት» አሉ። አፌን ከፈትኩ። ሙና ቀደመችኝ፤ «አባዬ፣ መብራት ሄዶ መጣ፤ ከዛ ወዲህ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ።» መብራት በየቀኑ ስለሚሄድ ማንም የሚያምነው ነገር ነው። እሳቸውም አመኑ። «አብሽሩ» አሉ፤ «አብሽሩ፣ ምንም አይደል። ወረቀት አምጡ፣ እንደገና እንጽፈዋለን።» እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መመላለስ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ እንደ ውኃ ወረደላቸው። ሁለተኛው ላይ አዘገሙ። ከዚያ ጣሪያውን አዩ፤ ቆይተውም አዩት፤ የወረደ ነገር የለም። እኚያ ቃል አጥተው የማያውቁ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «ልጆች፣ አረጀሁ መሰለኝ» አሉ። እማማ አስካለ በዚህ መሐል መጡ። ተነቦላቸው ሊሰሙ ነበር የመጡት፤ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል።

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አልኩ። የኔ ድምፅ መሆኑን ሙና እንኳ አልለየችውም፤ ዞር ብላ በሩን አየች።

ያዳነኝ የከርነሌ ትንሽነት ነው። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ ከበሩ እስከ መጀመሪያው ክፍል እንዳለ ባዶ ግቢ፣ ማንም የማያስቀምጥበት ቦታ አለ። የሁለት ወር ድካሜ ሁሉ ተደምሮ ያንን ግቢ እንኳ አልሞላውም፤ የበሩን ጽሑፍ ሰረዘ እንጂ ቤቱ ውስጥ አልገባም። በሩን መልሶ የሚተካ ማስነሻ ፍሎፒ ማሽኑን የገጠመው ባለሙያ ትቶልን ሄዷል። ማንም የማይተካው ሠንጠረዡን ነው። እሱ ደግሞ ደብተሬ ላይ በእርሳስ አለ።

ሙና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ታነብልኛለች፤ እኔ እያየሁ እጽፋለሁ። ይህን ጊዜ ያለቀልድ ነበር፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ትለዋለች፤ ቀጥዬ ደብተሩን ከእጇ ወስጄ በዓይኔ አየዋለሁ። አንዱ ጋ ስንደርስ ቆመች። «ይሄ ስምንት ነው ቢ?» በዚያ የቁጥር አጻጻፍ ቢ ማለት አሥራ አንድ ነው። እጄ ሲገለብጥ ቸኩሎ ነበር፤ ሁለቱንም ይመስላል። ጋሽ ሰይድ ከኋላችን ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ወረቀት ስቤ መነሻውንና ርዝመቱን ደመርኩ፤ ቢ ከሆነ ዲስኩ ከራሱ ይረዝማል። ስምንት ነው። ጻፍኩት። አጥፍቼ አበራሁ። ያቺ አንድ ደቂቃ፣ ስንት ጠዋት ያየኋት ደቂቃ፣ እንደዚያ ቀን ረዝማ አታውቅም። ከዚያ ዊንዶውስ የሚገባበት ዜማ ተሰማ፤ እማማ አስካለ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ፤ ሙና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

አሥራ አራቱም ገጽ ነበረ። ጋሽ ሰይድ ቆመው አነበቡላቸው። ምሰሶውን ያቆመው ሰው ስም ጋ ሲደርሱ እማማ አስካለ በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲያልቅ ወደኔ መጥተው ሁለቱን እጆቼን ከእጅጌው ውስጥ ፈልገው አወጡና ሳሙኝ። «መብራቱ የነጠቀኝን አንቺ መለስሽልኝ። እነዚህ እጆች አይጉደሉ።» ጋሽ ሰይድ ደጅ ወጥተው ለሻይ ቤቱም፣ ለካሴት ቤቱም «የሞተ ማሽን የምታስነሣ ልጅ አለችኝ!» ይላሉ። ሙና ጠቀሰችኝ፤ «አራዳ ሁኚ፣ ዝም በይ።» ዝም ማለት ደግሞ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚቀለኝ ነገር ነው። ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገድ ላይ እጄን ጃኬቱ ውስጥ ከተትኩ፤ የተሳመው ቦታ ግን ይታወቀኛል። እራት አልበላ አለኝ።

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጽሕፈት ቤቱን አልፌ መንገዱን ተሻገርኩ። የፍርድ ቤቱን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁበት። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል፤ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ወረፋው ተጠማዟል፤ መሐሉ ላይ ጋሽ ሰይድ መልሱን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ እማማ አስካለ ከፊታቸው ቆመዋል።

«ወይንሸት! ምን እግር ጣለሽ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ተጠጋኋቸውና ጆሯቸው ሥር ነገርኳቸው። መብራት እንዳልሄደ፣ ሙና ለኔ ብላ እንደዋሸች፣ ዲስኩን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ወረፋው ሁለት ሰው ያህል ተንቀሳቀሰ።

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረበትም። «ጽሑፉ የሳቸው ነው። የሳሙሽም እሳቸው ናቸው።»

ወደ እማማ አስካለ ዞርኩ። ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ የክት ቀሚሳቸውን ጥለት እያየሁ ተናገርኩ። ከወዲያ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ሰው ይጨቃጨቃል፤ የኔ ድምፅ በዚያ መሐል ከአፌም የወጣ አልመሰለኝም።

እማማ አስካለ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉኝ። «ምን አልሽኝ የኔ ልጅ? አልሰማሁሽም፤ ጮክ በይ።»

ቀና አልኩና፣ ኮሪደሩ ሙሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ፣ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።